ከኤ ይነሣ ወይስ ከሲ? በስቶር ስለተኙት የዲላ ኮምፒውተሮች

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እዚህ ዲላ፣ ቤቴ ድረስ መጡ። ልጆቻቸውን ኮምፒውተር ያስተማርኩ ስለሆንኩ እስከ ዛሬ "የኮምፒውተሩ ልጅ" እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ልጅነቱ ካለፈ ቆይቷል። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ጉዳያቸውን አወጡ። ጡረታቸው ሲሰላ ሦስት ዓመት ጎድሎባቸዋል። ወደ መምህርነት ከመግባታቸው በፊት በዞኑ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት የተቀጠሩት በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ማኅደራቸው ግን የሚጀምረው ከ1989 ነው። ዋናው የቅጥር ደብዳቤ ከእጃቸው ጠፍቷል፤ ቀሪው ደግሞ ከማኅደሩ ውስጥ የለም። በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ሦስት ዓመት ሲሆን 3.75 በመቶ ነው። ለባለሥልጣን ምንም ነው፤ ለእሳቸው ግን የወር ዘይት ነው።

"ደብዳቤዬን የጻፈችው ልጅ እኮ በኮምፒውተር ነው የጻፈችው። ያ ኮምፒውተር ዛሬም ስቶር ውስጥ አለ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ኮምፒውተር እኮ..." ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም።

በነጋታው አብረን ሄድን። ስቶሩ ውስጥ 11 ኮምፒውተሮች ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ ጎማ ጋር ተደርድረው አገኘናቸው። ሊወገዱ ነው፤ ጨረታው ወጥቷል። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ደግ ሰው ናት። አንዱን አውጥተን ሰካነው። ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ በራ፣ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ጻፈና ቆመ። "ሞቷል ብለናችሁ የለ እንዴ" አለች። ጽሑፉን ግን ያነበበው ሰው አልነበረም። ማሽኑ የሚለው "ሞቻለሁ" አይደለም። የሚለው "ባትሪዬ አልቋል፣ ዲስኬን ረስቻለሁ፣ ከምን ልነሣ?" ነው።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ጥያቄ ነው። ከኤ ይነሣ ወይስ ከሲ? ለዛሬ ወጣት ትርጉም የሌለው ጥያቄ ነው፤ ስልኩ ሲከፈት ከየት እንደተነሣ አይጠይቅም። በእኛ ዘመን ግን ይህ ምርጫ ኮምፒውተሩ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር፣ በሽታ እንደሚይዘው ወይም እንደማይዘው፣ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ እንደሚተርፍ ወይም እንደሚጠፋ ይወስን ነበር። አሁንም እየወሰነ ነው፤ ችግሩ የሚወስነው ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ መሆኑ ነው።

*

መነሻው እንዲህ ነው። አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ነው፤ በእኛ 1973 ዓ.ም.። በፍሎሪዳ ቦካ ራቶን የተቀመጠ፣ በዶን ኤስትሪጅ የሚመራ ትንሽ ቡድን ነው የሠራው። የመነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ሲሆን 16 ኪሎባይት ማስታወሻ ነበረው። ሃርድ ዲስክ የሚባል ነገር አልነበረውም። የሚገጠምለት የፍሎፒ ማንበቢያ ነው፤ የመጀመሪያው ኤ፣ ሁለተኛው ካለ ቢ ተባለ። ማሽኑ ሲበራ ኤን ይጠይቃል። እዚያ ዲስኬት ካለ ከእሱ ይነሣል፤ ከሌለ በቺፕ ላይ ወደተጻፈው ቤዚክ ይገባና ፕሮግራም ጻፍልኝ ብሎ ይቀመጣል። ቤዚኩ የሌላቸው የሌላ ፋብሪካ ቅጂዎች ደግሞ "ቤዚክ የለኝም፣ ቆሜያለሁ" ብለው ይደርቁ ነበር። ያንን መልእክት አይቶ ኮምፒውተሩን ያበላሸ የመሰለው ስንት ተማሪ አስለቅሶብኛል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1983 ኤክስቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። ኤና ቢ ተይዘው ስለነበር ዲስኩ ሲ ተባለ፤ ዛሬም ላፕቶፓችሁ ላይ ያለ አባትና ያለ አያት ብቻውን የተቀመጠው ሲ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን አልተለወጠም። መጀመሪያ ኤ ይጠየቃል፤ ኤ ባዶ ከሆነ ሲ ይነሣል። ምክንያቱ ጤናማ ነበር። ሃርድ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ ባዶ ነው፤ ዶስ የሚጫንበት ከፍሎፒ ተነሥቶ ነው። ሲ ከተበላሸም የሚያድነው ከኤ የሚገባ ዲስኬት ነው። ኤ የአደጋ ጊዜ በር ነው።

በእኛ አነጋገር ኤ እንግዳ ነው፤ ሲ ባለቤት። እንግዳ ይቅደም አሉ። እንግዳ ማስቀደም ደግሞ የእኛም ባህል ስለሆነ ደንቡ ነውር አይመስልም። ግን እንግዳ በማዕድ ይቀደማል እንጂ የቤቱን ቁልፍ ተቀብሎ ማን ይግባ ማን ይውጣ አይልም። እዚህ ማሽን ላይ ኤ የሚቀበለው ቁልፉን ነው።

ሌሎቹ የቤት ኮምፒውተሮች ይህን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ ነበር የመለሱት። ኮሞዶር 64 ሲበራ በቀጥታ ከቺፑ ወደ ቤዚክ ይገባል፤ ዲስክ የሚነካው ስታዘው ብቻ ነው። አሚጋ ለዓመታት ከፍሎፒ ውጪ አይነሣም ነበር፤ ከሃርድ ዲስክ በራሱ መነሣት የቻለው እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ኪክስታርት 1.3 ነው። እነዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ ሳሎን ውስጥ የልጆች ጨዋታ ነበሩ። ወደ እኛ የመጣው የአይቢኤም ዘር ነው፤ ያውም ወደ ቤት አልገባም። በሌላው አገር "የቤት ኮምፒውተር" የተባለው እዚህ የአንድ መምሪያ ብቸኛ ማሽን ሆነ፤ በዳንቴል ተሸፍኖ፣ ከስታብላይዘር ጋር ታስሮ፣ ከኃላፊው ቢሮ ቀጥሎ ባለው ክፍል ተቀመጠ።

*

አሁን ወደ ዲላ ልምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቡና ከተማ ናት። በደርግ ጊዜ ጌዴኦ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበር፤ ከ1983 በኋላ የደቡብ ክልል ሲደራጅ ዞን ሆነ። ዞን ሲሆን ሪፖርት ላኪ ሆነ። ሪፖርት የሚላከው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለው አዋሳ ነው። ኢንተርኔት የለም። ወረቀቱም ዲስኬቱም በሰው እጅ፣ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። ከአዋሳ የሚመለሰው ዲስኬት ደግሞ ቅጽ ይዞ ይመጣል፤ ያ ቅጽ ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎ፣ ከቡሌ፣ ከኮቾሬ ለሚመጣው ሁሉ ይገለበጣል። በ1988 ዓ.ም. የዲላ መምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሲከፈት (የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ መነሻ ነው) የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተይበው ተማሪ ተጨመረ። ታይፕና ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በዙ። ዲስኬት በኪስ፣ በቦርሳ፣ በደብተር መሃል ሆኖ ከተማውን ዞረ።

በዚያ ላይ መብራት ይሄዳል።

የፍሎሪዳዎቹ መሐንዲሶች ያላሰቡት ይህንን ነው። ኤ ይቅደም የሚለው ደንብ ጉዳቱ የሚታየው ማሽኑ ሲነሣ ብቻ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ማታ በሚዘጋበት አገር በቀን አንድ ጊዜ ነው የሚነሣው፤ የሚያስነሣውም ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። እዚህ ግን ጸሐፊዋ ከዲስኬት ላይ ደብዳቤ እየጻፈች መብራት ይሄዳል። ዲስኬቱ ኤ ውስጥ ነው። እሷ ሻይ ልትጠጣ ትወጣለች። መብራት ይመጣል። ማብሪያው አልተነካም፤ ማሽኑ ማንም ሳያየው ራሱን ያስነሣል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኤን ነው፤ ኤ ላይ ደግሞ ከአዋሳ የመጣው ዲስኬት አለ።

ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ፤ ለእናንተም ልሞክር። እያንዳንዱ ዲስኬት፣ ዶስ ያለበትም የሌለበትም፣ መጀመሪያው ላይ 512 ባይት የምታክል ትንሽ ክፍል አለችው። ማሽኑ ሲነሣ ያችን ክፍል ወደ ማስታወሻው ያነሣና ትእዛዝ አድርጎ ይፈጽማታል። ሰነድ ብቻ የያዘ ዲስኬት ሲሆን ስክሪኑ ላይ "ይህ የሲስተም ዲስክ አይደለም፤ ቀይረህ ቁልፍ ተጫን" የሚል ይመጣል። ሁሉም ሰው ይህን ሲያይ "እሺ፣ ከዚህ አልተነሣም" ብሎ ዲስኬቱን አውጥቶ ቁልፍ ይጫናል። ስህተቱ እዚህ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ማነው? የማሽኑ ቺፕ አይደለም። የጻፈችው ያች 512 ባይት ራሷ ናት። መልእክቱን ስታዩ ከእንግዳው የመጣ ትእዛዝ ተፈጽሞ አልቋል። በዚያች ቦታ ቫይረስ ተቀምጦ ከሆነ እናንተ ዲስኬቱን ስታወጡ እሱ ማስታወሻው ውስጥ ገብቷል፣ ቁልፍ ስትጫኑ ደግሞ ሲ ላይ ተቀምጧል።

የፒሲ የመጀመሪያው ቫይረስ ተብሎ የሚጠቀሰው ብሬን የመጣው ከሀብታም አገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን ላሆር ሁለት ወንድማማቾች ጻፉት፤ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ሳይቀር ውስጡ አኑረው። ብሬን የሚይዘው ፍሎፒ ብቻ ነበር። በዓመቱ ከኒው ዚላንድ የተነሣው ስቶንድ ሃርድ ዲስክም ያዘ። ከእሱ ዘር የተወለደው ማይክል አንጀሎ ደግሞ ቀን የሚጠብቅ ነበር፤ በየዓመቱ በፈረንጆቹ መጋቢት 6 የዲስኩን መጀመሪያ ይደመስሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓለም ሁሉ ቀኑን በፍርሃት ጠበቀው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 27 ነው፤ ከዓድዋ በዓል በአራተኛው ቀን። ነገሩ ግን ቀልድም አለው። ቫይረሱ ቀኑን የሚያውቀው ከማሽኑ ሰዓት ነው። የማሽኑ ባትሪ ያለቀበት ከሆነ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ጥር 1 ቀን 1980 ይመለሳል። የካቲት 27 ደርሶበት አያውቅም። ድህነት አንዳንዴ እንደዚህ ይጠብቃል።

መድኃኒቱ ያኔም ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር የገቡት ማሽኖች ሲነሡ ዴል የተባለውን ቁልፍ ከተጫናችሁ ሴታፕ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የመነሻ ቅደም ተከተል የሚል አንድ መስመር አለ። "ኤ፣ ሲ" የሚለውን "ሲ፣ ኤ" ታደርጉታላችሁ። በቃ። ባለቤቱ ይቀድማል፣ እንግዳው ሲፈቀድለት ይገባል። አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። የቡት ቫይረስ በሙሉ በሩ ይዘጋበታል ማለት ይቻላል።

ታዲያ ለምን አልተደረገም? አንደኛው ፍርሃት ነው። "ሴታፕ አትንኩ" የሚል ወረቀት ስክሪን ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። ማሽኑ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ፈርሞ የወሰደው ሰው አለ፣ ቢበላሽ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ማን ይነካዋል? ፋብሪካ ያስቀመጠው ነገር ሁሉ ትክክል ነው የሚል እምነትም ነበር። እኔ ራሴ አስተምር በነበረበት የሥልጠና ቦታ አምስት ማሽን በአንድ ሳምንት ታመውብኝ እስኪያለቅሰኝ ድረስ አልቀየርኩም። ቫይረስ ማጥፊያ ዲስኬት እየፈለግሁ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ስልክ ነበር፤ አንድ መስመር መቀየሩ ግን አልታየኝም።

*

ሁለተኛው ምክንያት ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ከኤ መነሣት ጥቅም ነበረው። ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ስለቀነሰ ትንሽ ልቆይበት።

ዶስ ሲነሣ ከተነሣበት ዲስክ ላይ ሁለት ፋይሎች ያነባል፤ ኮንፊግ.ሲስና አውቶኤክሴክ.ባት። እነዚህ ምን ምን እንደሚጫን የሚናገሩ ዝርዝሮች ናቸው። አማርኛ የሚጽፈው ፕሮግራም በራሱ እንዲከፈት ከተፈለገ ትእዛዙ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ስለዚህ ከሲ ሲነሣ አማርኛ የሚናገር ማሽን ከሌላ ዲስኬት ሲነሣ አማርኛ አያውቅም፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። ሃርድ ዲስካቸው የተቃጠለ፣ መለወጫ ያልተገኘላቸው ማሽኖች በፍሎፒ ብቻ ለዓመታት ሠርተዋል። በዚያ ጊዜ ጎበዝ ጸሐፊ የራሷ መነሻ ዲስኬት ነበራት። በፕላስቲክ ጠቅልላ ከቦርሳዋ አታወጣውም። ማሽኑ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ አማርኛው ግን የእሷ ነው። እሷ ፈቃድ ስትወጣ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አይጽፍም ነበር። ኃላፊዎች ይህን በጊዜው እንደ ዕብሪት ያዩት ነበር፤ እኔ ዛሬ ሳስበው በቢሮው ውስጥ የመረጃ ጥበቃ የገባት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

አማርኛውን ኮምፒውተር ላይ ያስገቡት ሰዎች ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ባሕር ማዶ የነበሩት ዶ/ር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሐ አጥላው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ የደከሙበት ነው። ማን ቀደመ የሚለውን ጭቅጭቅ ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። አገር ውስጥም እነ አጋፋሪ፣ በኋላ በዊንዶውስ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ መጡ። ሁሉም የየራሱ መላ ነበረው። የኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነዲቃላው ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም "ሀ" እዚህ ትቀመጥ፣ "ቿ" እዚያ ትቀመጥ ብሎ በራሱ መንገድ ደለደለ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የጉንዳን መንገድ ይመስላል። ዩኒኮድ ግዕዝን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በ3.0 እትሙ 345 ምልክቶች አስገባ። ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ በተጻፈበት ፕሮግራም ካልተከፈተ ዝም ያለ ፋይል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የዲላ ነገር አለ። ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። በዚያ ዘመን በጌዴኡፋ በተራ ጽሑፍ የተቀመጠ ፋይል ዛሬ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ያለ ምንም ችግር ይነበባል። ከጎኑ ያለው የአማርኛ ደብዳቤ ግን አይነበብም። ፊደሉ ለምን ላቲን ሆነ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፣ አሁን አልገባበትም። እኔ የምለው በአንድ ዲስኬት ላይ ያሉ ሁለት ቋንቋዎች እኩል ዕድሜ እንዳልነበራቸው ነው።

*

በ1990ዎቹ ዊንዶውስ 98 እና ኤክስፒ ሲገቡ ሁሉም ነገር ወደ ሲ ዞረ። ከሲዲ መነሣት መጣ፤ ፍሎፒ ማንበቢያ ከአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ ፍላሽ መጣና ያንኑ በሽታ በሌላ በር አመጣው፤ ስትሰኩት ራሱን በራሱ የሚያስነሣው አሠራር ኢንተርኔት ካፌዎችን ምን እንዳደረገ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ደግሞ "ስቶር ግቡ" ተባሉ። ውስጣቸው ያለውን አውጥቶ የገለበጠ እምብዛም አልነበረም። ወረቀቱ አለ ተብሎ ታሰበ። ወረቀት ደግሞ ይጠፋል፤ ቢሮ ሲዛወር፣ ጣሪያ ሲያፈስ፣ አይጥ ሲገባ።

በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ጌዴኦ ከነወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ኮንሶና ደቡብ ኦሞ ጋር አዲሱ ክልል ገባ፤ ዲላም ከክልሉ የማዕከል ከተሞች አንዷ ሆነች። አደረጃጀት ሲለወጥ ቢሮ ይፈለጋል። ቢሮ ሲፈለግ ስቶር ይጸዳል። ስቶር ሲጸዳ መጀመሪያ የሚወጣው "የማይሠራ ኮምፒውተር" የሚል ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው የንብረት ቁጥሩና ብዛቱ ነው፤ ውስጡ ምን አለ የሚል ዓምድ የለውም። አሁን እያየን ባለነው ፍጥነት ከጥቂት ዓመት በኋላ የዚያ ዘመን ማሽን የሚገኘው ቆራሌው ዘንድ ነው፤ እሱም ፈትቶ ብረቱንና መዳቡን ለይቶ።

"ዲጂታል" የሚል ቃል በየስብሰባው በሚነገርበት ዘመን ይህ መሆኑ ይገርመኛል። አዲሱን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት በጀት አለ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን አሮጌ መዝገብ ለማውጣት ግን የሁለት ቀን አበል የሚፈርም የለም። እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማሽን ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት አንድ ባለሙያ አንድ ዲስኬት ይዞ አንድ ጊዜ ያስነሣው። ያውም ከኤ።

ለምን ከኤ? ሠላሳ ዓመት የቆየ ዲስክ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አይታወቅም፤ ምናልባት አንዴ። ከሲ ካስነሣችሁት ያችን አንዴ የምታባክኑት አውቶኤክሴኩ የጠራውን ሁሉ በመጫን ነው፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ አሮጌ ፋይል ላይ ይደርባል፣ ቀን ይቀይራል። ቫይረስ ካለም ይነሣል። መጻፊያ መከልከያዋ በተከፈተች ዲስኬት ከኤ ካስነሣችሁ ግን ሲ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እናንተ ካልነካችሁት አይነካም። ያን ጊዜ ትገለብጣላችሁ። ያ ሁሉ ያስከፈለን የኤ ቅድሚያ አሁን የሚያድነን እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ሞንኪ የሚባል ቫይረስ ያለበት ማሽን ከንጹሕ ዲስኬት ሲነሣ ሲን ጨርሶ "የለም" ይላል። ቫይረሱ የዲስኩን ካርታ ቆልፎ ስለሚይዝ ነው። "ባዶ ነው" ብላችሁ እንዳትጥሉት።

*

ወደ መምህሩ ልመለስ። ያን ማሽን ከፈትኩት። ባለ 386 ነው። ባትሪው ፈንድቶ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ ጠረግሁት። ሃርድ ዲስኩ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የሲሊንደሩ፣ የሄዱና የሴክተሩ ቁጥር ተጽፏል፤ ሴታፕ ውስጥ በእጅ አስገባሁት። ባትሪ ስለሌለው ባጠፋሁት ቁጥር ይረሳል፣ እንደገና አስገባለሁ። ዶስ 6.22 ያለበት ዲስኬት ቤቴ ነበረኝ። ከኤ ተነሣ። ሲ ብዬ ስጽፍ ትንሽ ተንጫጫና ዝርዝሩን አወጣ። መምህሩ ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ምንም አልተናገሩም።

የደመወዝ መዝገቡ በዲቤዝ ነው፤ ያ ዛሬም ይከፈታል። ስሞቹ በላቲን ፊደል ስለተጻፉ የመምህሩ የአባት ስም በሦስት ወር ውስጥ በሦስት ዓይነት ተጽፏል፤ ግን አለ። ደብዳቤዎቹ በአማርኛ ናቸው፤ ላፕቶፔ ላይ ጉንዳን ሆኑ። ሁሉንም በዲስኬት ላይ ገልብጬ ካወጣሁ በኋላ ነው ያሰብኩትን ያደረግሁት። ዲስኬቱን አወጣሁና ማሽኑን እንደገና አስነሣሁት፤ በዚህኛው ከሲ። አውቶኤክሴኩ ሠራ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ፣ አማርኛ ዝርዝር መጣ። የቅጥር ደብዳቤው ስምንተኛው ፋይል ነበር። የፋይሉ ቀን ጥር 1 ቀን 1980 ይላል፤ የዚያን ጊዜም ባትሪው ሞቶ ነበር ማለት ነው። ደብዳቤው ውስጥ ያለው ቀን ግን ጥቅምት 1986 ነው። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አነሣነው። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡትና "ይህቺ ልጅ ሀውን አሳስታ መጻፏን ያኔም ነግሬአት ነበር" አሉ።

ከቀሩት አሥር ማሽኖች በሁለት ቀን አራቱን ማንበብ ቻልኩ። የሁለቱ ዲስክ አልዞረም። አራቱን ለመክፈት ጊዜ አልደረሰልኝም፤ ሰኞ ጠዋት የጨረታው አሸናፊ በአይሱዙ መጣ። የወጣው መረጃ በሙሉ በአንድ ፍላሽ ተቀድቶ ለመሥሪያ ቤቱ ተሰጥቷል፤ ቅጂም እንዲያዝ ተነጋግረናል።

የመምህሩ ማመልከቻ ከደመወዝ መዝገቡ ኅትመትና ከፎቶው ጋር ገብቷል። የተቀበለው ሰው ፎቶውን አገላብጦ አይቶ "ማኅተም የለውም እኮ" ብሏል። እኛም ደብዳቤውን ጽፋ የነበረችውን ሴት አፈላልገን አግኝተናታል፤ ይርጋ ጨፌ ነው ያለችው። ትመጣለች፣ ትመሰክራለች። ዲስኬቷም ሳይኖራት አይቀርም።